የመርከብ ሽርሽር ስትመርጡ መጀመሪያ መነሻ ወደቡን እዩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ውጭ አገር ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ወላጆቻቸውን ሲጠሩ «እግረ መንገዳችንን በመርከብ ደሴቶችን እንዙር» ማለት ጀምረዋል። ሠርጋቸውን ጨርሰው ስለ ጫጉላ ጉዞ የሚያስቡ ሙሽሮችም አሉ። የሚደርሰኝ ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው። ብዙ ደሴት የሚያሳየው ይሻላል ወይስ ባሕር ላይ ዘና የሚያደርገው?

ማስታወቂያ አይቶ ይህን መመለስ አይቻልም። ማስታወቂያው የደሴቶቹን ስም ይደረድራል፣ ሰማያዊ ውሃ ያሳያል፣ ዋጋ ይጽፋል። ሳምንቱ በምን እንደሚያልፍ አይናገርም። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳ።

በመርከብ ሽርሽር ሻንጣችሁን አንድ ጊዜ ካቢናችሁ (የመርከቡ መኝታ ክፍላችሁ) ውስጥ ትፈታላችሁ። እናንተ ስትተኙ መርከቡ ይጓዛል። ጠዋት ስትነሡ አንድ ደሴት ደርሳችኋል። ወርዳችሁ ስትዞሩ ትውላላችሁ፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳላችሁ። ይህ የደሴት ቀን ነው። የሚቀጥለው ደሴት በአንድ ሌሊት የማይደረስበት ከሆነ መርከቡ ቀኑንም ሲጓዝ ይውላል። ያ ደግሞ የባሕር ቀን ነው። የሁለቱን ሚዛን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ርቀት ነው። ርቀቱን የሚወስነው ደግሞ መርከቡ የሚነሳበት ወደብ ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 22 ኖት ይጓዛሉ። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ 20 ኖት ማለት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዝግ ያለ ይመስላል፣ ነገር ግን መርከብ ማታም አይቆምም። ከወደብ ከቀኑ 11 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ቢደርስ 15 ሰዓት ተጉዟል። ይህም 555 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መርከቡ ከዚያ የሚበልጥ መንገድ እናንተ ተኝታችሁ ይጨርሳል ማለት ነው።

ለምን አይፈጥንም? ነዳጅ ነው ምክንያቱ። ውሃን እየሰነጠቁ መሄድ ከባድ ነው። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል ስምንት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ፍጥነት ከመጨመር አንድ የባሕር ቀን ማስገባትን ይመርጣሉ። በዚያ ላይ የባሕር ቀን ገቢ ያስገኝላቸዋል። ካዚኖውና ከቀረጥ ነፃ ሱቆቹ ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት መርከቡ ከወደብ ሲርቅ ነው። ሰው ሁሉ መርከቡ ላይ ስለሚውልም ቡና ቤቱ፣ የውበት ሳሎኑ፣ ማሳጁ ይሞላል። ይህን የምጽፈው ኩባንያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ብዙ የባሕር ቀን ያለው ጉዞ አንዳንዴ ለምን በርካሽ እንደሚሸጥ ስትረዱ ዋጋ ማወዳደር ይቀላችኋል።

አሁን ካርታ ላይ እንሂድ። ለአሜሪካ ቤተሰቦች ቅርቡ ካሪቢያን ነው። ብዙዎቹ መርከቦች ከፍሎሪዳ፣ ማለትም ከማያሚ፣ ከፎርት ላውደርዴል ወይም ከፖርት ካናቬራል ይነሳሉ። ከማያሚ እስከ ሴይንት ቶማስ ደሴት 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በአንድ ሌሊት አይታሰብም። ስለዚህ ከፍሎሪዳ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ካሪቢያን የሚሄድ የ7 ሌሊት ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሦስት የደሴት ቀንና ሦስት የባሕር ቀን አለው። ያንኑ ሳምንት ከፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ከሳን ሁዋን ብትጀምሩት ነገሩ ይለወጣል። ሳን ሁዋን ደሴቶቹ መሐል ናት። ከዚያ የሚነሱ መርከቦች ሴይንት ማርተንን፣ ሴይንት ሉሺያን፣ ባርቤዶስን የመሳሰሉትን እያዳረሱ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ደሴት ሊያሳዩ ይችላሉ። የባሕር ቀኑ አንድ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ልዩነቱን ያመጣው መነሻው ነው።

ሃዋይ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ከሎስ አንጀለስ እስከ ሆኖሉሉ 4,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመሄድ አራት ወይም አምስት ቀን፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ውሃ ብቻ ታያላችሁ። ሁለት ሳምንት ከሚፈጀው ጉዞ ደሴት ላይ የምትውሉት አራት ወይም አምስት ቀን ነው። ይህን ጉዞ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። በሌላ በኩል «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» የተባለች መርከብ ከሆኖሉሉ ተነስታ እዚያው ሃዋይ ውስጥ አንድ ሳምንት ትዞራለች። በማዊና በካዋይ ደሴቶች ታድራለች። የባሕር ቀን የላትም። እሷ ይህን የምትችለው የአሜሪካ ባንዲራ ስላላት፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ስለተመዘገበች ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ሰው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ለዚህም ነው ከካሊፎርኒያ ሃዋይ ደርሰው የሚመለሱት የውጭ መርከቦች በመንገዳቸው ሜክሲኮ ኤንሴናዳ ጎራ የሚሉት። ኤንሴናዳን በዝርዝሩ ላይ ስታዩ እንደ ትልቅ ጉብኝት አትቁጠሯት፤ ቆይታው አጭር ነው።

የግሪክ ደሴቶች ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። ርቀቱ አጭር ነው። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስተው በ3 ወይም በ4 ሌሊት ሚኮኖስን፣ ሮድስን፣ ቀርጤስን፣ ሳንቶሪኒን የሚያዳርሱ መርከቦች አሉ። በአንድ ቀን ሁለት ደሴት ይነካሉ፤ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን። ወረቀት ላይ ሲነበብ ያስጎመጃል። ሲኖሩት ግን ከእንቅልፍ ተነስቶ መሮጥ፣ ተሰልፎ መውረድ፣ ሦስት ሰዓት ዞሮ መመለስ፣ ምሳ በልቶ እንደገና መሰለፍ ነው። ለወጣት ጥንዶች ይሁን። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አልመክረውም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ይህ ነው። የደሴት ብዛት አትቁጠሩ፤ ደሴት ላይ የምታሳልፉትን ሰዓት ቁጠሩ።

የ7 ሌሊት ጉዞ ስምንት ቀን ይነካል። ግን የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ መሳፈሪያ፣ የመጨረሻው ጠዋት መውረጃ ነው። ሙሉ ቀናቱ ስድስት ናቸው። የደሴት ቀን ሲባልም ሙሉ ቀን አይደለም። መርከቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት ቆሟል እንበል። ዘጠኝ ሰዓት ይመስላል። መርከቡ ቆሞ ለመውረድ ፈቃድ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ሁሉም ሰው ከመነሻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መሳፈር አለበት፤ ልባም ሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመለሳል። ከወደብ እስከ ባሕር ዳርቻው ታክሲ አለ። ተቀንሶ የሚተርፈው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ቆይታው ከ2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ብቻ ከሆነማ ሁለት ሰዓት ቢተርፋችሁ ነው። አምስት እንዲህ ያሉ አጫጭር ደሴቶች ካሉት ጉዞ፣ ሦስት ሙሉ የደሴት ቀን ያለው ይበልጣል ባይ ነኝ። አንድ ደሴት ላይ የሚያድር ካገኛችሁ ደግሞ እሱን አስቀድሙ። መንገደኛው ሁሉ ሲመለስ፣ ሙቀቱ ሲቀንስ፣ የአገሬው ሰው ወጣ ሲል ያን ጊዜ ነው ደሴቱ የሚታየው።

ስለ ሰዓት ካነሳን አይቀር አንድ የኛ ጉዳይ አለ። መርከብ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 16:30 ማለት በኛ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ለወላጆቻችሁ በኛ አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። የደሴቱ ሰዓትና የመርከቡ ሰዓትም ሊለያይ ስለሚችል ሁልጊዜ የመርከቡን ተከተሉ። ራሱን ችሎ ሲዞር የዘገየን ሰው መርከቡ አይጠብቅም። እስከሚቀጥለው ወደብ በራሳችሁ ወጪ በአውሮፕላን መከተል ነው የሚቀረው። ከመርከቡ በተገዛ ጉብኝት ላይ ሆናችሁ ከዘገያችሁ ግን ይጠብቃሉ፤ ወይም ያደርሷችኋል። የመርከቡ ጉብኝት ውድ ነው። ሩቅ ቦታ ስትሄዱ ግን የሚከፈልበት ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር መርከቡ ምድሩ ድረስ መጠጋት አለመጠጋቱን ነው። ግራንድ ኬይማንና ሳንቶሪኒ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ የላቸውም። መርከቡ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ይጥላል፤ ሰው በትንሽ ጀልባ ይወሰዳል። ጠዋት ወረፋ፣ ማታ ወረፋ። ሳንቶሪኒ ላይ ከጀልባ ወርዳችሁም አልጨረሳችሁም። ከተማዋ ገደል አናት ላይ ናት። ለመውጣት በገመድ የሚሳብ መኪና (ኬብል ካር) አለ፤ እሱም ወረፋ አለው። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ጀልባዎቹ መመላለስ አይችሉምና ካፒቴኑ ደሴቱን ጭራሽ ሊዘልለው ይችላል። ውሉ ላይ ይህን የማድረግ መብት አለው፤ የሚመለስላችሁም አብዛኛውን ጊዜ የወደብ ክፍያው ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዞውን የምትገዙት ለአንድ ደሴት ብላችሁ ከሆነና ያ ደሴት በጀልባ የሚወረድበት ከሆነ ደግማችሁ አስቡ። ካሪቢያን ላይ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ያኔ ዋጋ ይወርዳል፣ መስመርም ይቀየራል። የግሪክ ደሴቶች ባሉበት በኤጂያን ባሕር ላይ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ መልተሚ የሚባል ደረቅ ነፋስ ይነሳል።

በዝርዝሩ ላይ የምታዩት «ደሴት» አንዳንዴ የኩባንያው የራሱ ነው። ባሃማስ ውስጥ ኮኮኬይና ኦሽን ኬይ እንዲህ ያሉ ናቸው። ንጹሕ ናቸው፣ ለልጆች አመቺ ናቸው፣ መርከቡም ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ይቆማል። ግን ገበያ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ የሚኖር ሕዝብ የለም። የባሕር ዳርቻ ለሚፈልግ ጥሩ ናቸው። የሰው አገር ለማየት ለሚሄድ ግን የደሴት ቀን ብላችሁ አትቁጠሯቸው።

እንግዲህ የባሕር ቀን ብክነት ነው? በፍጹም። ለብዙ የኛ ወላጆች እንዲያውም ምርጡ ቀን እሱ ነው። ከደሴ ተነስተው፣ አዲስ አበባ አድረው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ እናት ሁለተኛውን ቀን አርፈው ቢውሉ ይሻላል። መሰላል የለም፣ ወረፋ የለም። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ። ልጆቻችሁ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ከሆኑ፣ አብረዋችሁ ሳይቸኩሉ የሚቀመጡበት ቀን ምናልባት ይህ ብቻ ነው። ለኔ የጉዞው ግማሽ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ዋናው የባሕር ቀኑ የት እንደገባ ነው። ከመሳፈሪያው ማግስት አንድ፣ መሐል ላይ አንድ ቢሆን ሰውነት ያርፋል። ሁለት ተከታታይ ቀን ሲሆን ሁለተኛው ለአንዳንዶች ይከብዳል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ መጽሐፍ የሚያነቡና ዝምታ የሚወዱ ሰዎች ናቸው የሚደሰቱበት። የባሕር ቀን ላይ መዋኛው ይጨናነቃል። በአንጻሩ በደሴት ቀን መርከቡ ባዶ ይሆናል። ከደሴቶቹ አንዱ ብዙም ካላጓጓችሁ፣ ሰው ሁሉ ሲወርድ እናንተ ቀሩ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጸጥ ያለ ዕረፍት አገኛችሁ ማለት ነው።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ባሕር ላይም ሊያቅለሸልሻቸው ይችላል። ምክንያቱ አንድ ነው። የውስጥ ጆሮ እንቅስቃሴ ይሰማዋል፤ ዓይን ደግሞ የቆመ ነገር ያያል፤ አእምሮ ይምታታበታል። ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄጄ ምንም አልሆንኩም ማለት መፈተኛ አይሆንም፤ ሐይቁ የውቅያኖስ ማዕበል የለውም። ዘመናዊ መርከቦች ወዝዋዜን የሚቀንሱ ክንፎች ከታች አሏቸው፤ ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። የምትሠጉ ከሆነ ግን ካቢናችሁን ከመርከቡ መሐልና ከታችኛው ፎቅ ምረጡ፤ እዚያ መወዛወዙ ያንሳል። ክኒኑ ከመነሳት በፊት ነው የሚወሰደው። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች ሐኪም ይጠይቁ። እንዲህ ላለ ሰው ብዙ የባሕር ቀን ያለውን አትግዙለት።

ምግብ ለወሎ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ማዕድ ላይ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። ጾም ከሆነ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ትልልቆቹ መርከቦች ላይ አይጠፋም። ሐላል ግን ብዙዎቹ መርከቦች ላይ ቀድሞ መታዘዝ አለበት፤ ሳምንታት ቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ዓረብ አገር ዘመድ ላላቸው ሌላ ምርጫ አለ። አሮያ የተባለው የሳዑዲ መርከብ እንደ ፈረንጆቹ በታኅሣሥ 2024 ከጂዳ እየተነሳ ቀይ ባሕርን መዞር ጀመረ። አልኮል የለበትም።

አሁን ብዙ ጉዞ የሚያበላሸውን ጉዳይ ላንሳ፤ ቪዛ። እያንዳንዱ ደሴት የራሱ አገር ወይም የሌላ አገር ግዛት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምትጓዙ፣ መስመሩን ከመውደዳችሁ በፊት የአገሮቹን ዝርዝር አውጡ። ከአንዱ አገር ቪዛ ቢጎድላችሁ «እዚያ አልወርድም» ማለት ላያድናችሁ ይችላል፤ መሳፈሪያው ላይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ የሚመለስ መርከብ አገሩን ለቆ እንደገና ይገባል። ስለዚህ ቪዛችሁ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ተመልከቱ። አውሮፓም ያው ነው። የግሪክ ደሴቶች ሁሉ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ) ውስጥ ናቸው፤ ብዙ መርከቦች የሚነኳት ኩሻዳሲ ግን ቱርክ ናት። እሷን አይቶ ለመመለስ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ልጆቻችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላቸው ይህ ጉዳይ ላይታያቸው ይችላል። እናንተ አስታውሷቸው።

ከቪዛው ጣጣ መራቅ ለሚፈልጉ ሙሽሮች እኔ የምጠቁመው ሲሼልስን ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም። ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ይሞላል፤ ማረፊያና የመመለሻ ትኬት ይታያል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ማሄ ይበራል። እዚያ በደሴቶቹ መካከል የሚዞሩ ትንንሽ መርከቦች አሉ። ገንዘቡ ካልበቃ በሕዝብ ጀልባ ራሳችሁ መዞር ትችላላችሁ። ከማሄ ፕራስሊን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፕራስሊን ላ ዲግ አሥራ አምስት ደቂቃ። ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የተባለው የዘንባባ ደን አለ፤ ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ባሕሩን ሰዓት ለሰዓት ትቀምሳላችሁ፤ ሌሊቱን ግን ምድር ላይ ታድራላችሁ።

ገንዘብን በአጭሩ። ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ አንድ ካቢን ውስጥ ለሁለት ሆናችሁ ለአንድ ሰው ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች በቀን በአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ያህል ቲፕ ይጨምራሉ። ኢንተርኔት ለብቻው ነው። ስልካችሁን መርከቡ ላይ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ያስከፍላል። ግሪክም ከ2025 ጀምሮ በአውሮፓ በጋ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ለሚወርድ የመርከብ መንገደኛ 20 ዩሮ ትጠይቃለች። የመርከቡ ክሊኒክም በነፃ አይደለም፤ ለወላጆች ኢንሹራንስ ሳትገዙ አትነሱ።

የመጨረሻው ነገር መድረሻ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፓ ወይም አሜሪካ፣ ከዚያ ምናልባት አንድ ተጨማሪ በረራ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢዘገይ መርከቡ ይነሳል። ቅዳሜ ለሚነሳ መርከብ ግፋ ቢል አርብ ጠዋት ወደቡ ያለበት ከተማ ደርሳችሁ እደሩ። የዚያችን ሌሊት የሆቴል ክፍያ ከመጀመሪያው በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።